የእጣቢው መዝጊያ

ባሌ ክሎቪስ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር ተጎታች ቤት ገዝቶ መጣ። አልጋ፣ ምድጃ፣ ሻወር ሁሉ ያለው፣ ከመኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት ቤት ነው። ግቢያችን ውስጥ ሲያቆመው ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየለት፤ እኔ አልወጣሁም። "በብርዱ ወራት ወደ ሰሜን ወጣ ብለን በረዶ መሃል እናድራለን" ይለኛል። ሰውዬው ሉዊዚያና ተወልዶ ሉዊዚያና ያረጀ፣ በረዶ የሚያውቀው መጠጥ ብርጭቆ ውስጥ ነው። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አንድ ሙሉ ብርድ በተጎታች ቤት ውስጥ ኖሬያለሁ፣ ሰሜን ዳኮታ፣ ዊሊስተን ከተማ ዳር። ከዚያ ብርድ በኋላ አባቴና እናቴ አንድ ጣሪያ ሥር አላደሩም።

እስቲ በመጀመሪያ ያኔ እንዳየሁት ልንገራችሁ። እውነቱን የማውቀው መስሎኝ አርባ አራት ዓመት ስናገረው የኖርኩት እንደዚያ ነውና።

አባቴ አልሲድ የነዳጅ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። እኛ አገር አባትን ፓፓ፣ እናትን ማማ ነው የምንለው። ባሕር ላይ ያለውን ሥራ ወንድሙ ከሰጠመ ወዲህ እርግፍ አድርጎ ትቶት ነበር። "ቢያንስ ዳኮታ ውሃ የለም፤ ሰው አይሰጥምበትም" ብሎ ይዞን ወጣ። ይኸው ውሃ ነው የለያየን፣ ጉድ በሉ።

የሰፈርንበት ቦታ የአንድ ገበሬ የስንዴ ማሳ ነበር። ገበሬው ስንዴውን ትቶ አርባ ተጎታች ቤት ደርድሮበታል። ለያንዳንዱ ቤት አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ የመብራት ምሰሶ፣ አንድ የፍሳሽ ጉድጓድ አለው። ውሃው ከቧንቧው ወደ ቤት የሚመጣው በጎማ ነው። ጎማው ላይ የሚሞቅ የኤሌክትሪክ ገመድ ይታሰርበታል፣ በላዩ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ ፕላስተር። ነፋስ ከወለሉ ሥር እንዳይገባ ዙሪያውን የገለባ እስር እንደረድራለን፤ ከሥር ደግሞ ቀን ከሌት የሚበራ አምፖል ተንጠልጥሏል። ይሄ ሁሉ እንክብካቤ ለውሃው ነው። ለሰዎቹ ግን የተደረገልን ነገር አልነበረም። የኔ ፍራሽ ከግድግዳው ጋር በበረዶ ተጣብቆ ነው የሚያድረው። አንድ ቀን ጠዋት ማማ ፀጉሯ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ነቃችና በመቀስ ቆርጬ አላቀቅኳት። እኔ ሳቅሁ፣ እሷ አልሳቀችም።

ፓፓ ሁለት ሳምንት የነዳጁ ጉድጓድ ላይ ይሰነብትና አንድ ሳምንት እቤት ይመጣል። ሲገባ ጢሙ ላይ በረዶ ተንጠልጥሎ ነው። በሁለት መዳፌ ይዤ አቅልጬ የማረግፍለት እኔ ነኝ። "ቀስ በይ ኖኤሊ፣ በረዶውን ነው እንጂ ጢሙን ንቀይ አላልኩሽም" ይለኛል። ያ ሳምንት ለኔ ፋሲካዬ ነበር። ከሱ ተለይቼ ሉዊዚያና መመለስ ማለት ለኔ መሞት ነው፤ በልጅነቴ ያሰብኩት እንዲሁ ነው፣ አላጋነንኩም።

ኅዳር ላይ ውሃው ለመጀመሪያ ጊዜ በረዶ ሆነ። ፓፓ የሚሞቀውን ገመድ ገና አላሰረም ነበር፤ ጥፋቱ የሱ ነው። ታኅሣሥ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ቀጥ አለ፤ አሁን ግን የሚገባው ሳይሆን የሚወጣው ነው። የሳህንና የገላ እጣቢ ከወለሉ ሥር ወዳለ ታንከር ይወርዳል፣ ከታንከሩ በወፍራም ጎማ ወደ ፍሳሹ ጉድጓድ ይሄዳል። ታንከሩ ላይ መዝጊያ አለው። እጀታውን ሲስቡት ይከፈታል፣ ሲገፉት ይዘጋል። ያን ቀን ወፍራሙ ጎማ ከአፍ እስከ ገደፉ በረዶ ጠጥቶ ምሰሶ አክሎ ነበር።

ሊያስተካክልልን የመጣው ጎረቤታችን ኤይናር ሀውገን ነው። የአገሩ ተወላጅ፣ ስልሳን ያለፈ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነበር። ገበሬው ሰፈሩን እንዲጠብቅለት ያስቀመጠው እሱን ነው። እኛ አገር ልጅ አዋቂን በስሙ አይጠራምና ሚስተር ኤይናር እለዋለሁ። በቀን ሦስት ቃል ከተናገረ ብዙ አወራ ማለት ነው። የፀጉር ማድረቂያ ይዞ በሆዱ ተኝቶ በረዶውን ሲያቀልጥ አረፈደ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ እናቴን ያናግራት ጀመር።

"ይሄ ለምን ተከፍቶ ይውላል?" አላት።

"ታዲያ እጣቢው በምን ይውጣ?" አለችው ማማ።

"አይውጣ። ዝጊው።"

ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረ፣ ለሱ ረጅም የሚባል። እኔ አንገቴን ሳወጣ ማማ "ብርድ አታስገቢ" ብላ በሩን በላዬ ላይ ዘጋችው። የሰማሁት "አይውጣ" እና "ዝጊው" የሚለውን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አያቴ ያስተማረችኝን አውቃለሁ። እኛ አገር በዓመት አንዴ ውርጭ ይመጣል ሲባል ሰው ሁሉ ቧንቧውን በትንሹ ከፍቶ ጠብ ጠብ እንዲል ይተወዋል። የሚሄድ ውሃ አይረጋም። ይሄን ሕፃን ያውቀዋል። ታዲያ ይሄ ሽማግሌ ውሃ ዝጉ ሲል ምን ማለቱ ነው? ተንኮለኛ ነው አልኩ።

ፓፓ በመጣ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁት። "ሦስተኛ ጊዜ ቀጥ ካለ በቃ፤ እኔው ራሴ እናትሽ ቤት አደርሳችኋለሁ" አላት። ማማ "እሺ" አለች። አባቴ ሊያባርረን ነው፣ ለጎማ ሲል። ለምን እንደሆነ እንጃ ማማም አልተከራከረችውም።

ዛሬ ስጠይቅ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ማማ ከጥቅምት ጀምሮ ልመለስ ትል ነበር። "አንድ ዕድል ስጪኝ፣ ሦስተኛ ጊዜ ከተበላሸ ያልሽውን አደርጋለሁ" ብሎ የለመናት እሱ ነው። እኔ የሰማሁት የልመናውን ጭራ ነበር።

ምን አለፋችሁ፣ በዚያ ዕለት ውሃውን እኔ ልጠብቅ ወሰንኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ግን ከማንም በላይ የሚያገባኝ እኔን ነው።

ሚስተር ኤይናር በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይመጣል። አንዱን የገለባ እስር ገለል ያደርግና እጁን ሰድዶ እጀታውን ወደ ውስጥ ይገፋል። ቅዳሜ ቀን በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ከዚያ እስሩን መልሶ፣ ወደ መስኮታችን እንኳ ሳያይ ይሄዳል። እኔ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ እንደወረድኩ፣ ቆሻሻ ልጣል ብዬ እወጣለሁ። በሆዴ በረዶው ላይ ተኝቼ እጀታውን ስስብ ጓንቴ ብረቱ ላይ ይጣበቃል። አንዳንዴ በአንድ እጅ እምቢ ሲል በሁለት እጄ ይዤ እግሬን ገለባው ላይ ተክዬ እጎትተዋለሁ። ሲከፈት የእጣቢው ድምፅ ይሰማኛል፣ እፎይ እላለሁ። እቤት ገብቼ የሳህን ማጠቢያውን ቧንቧ ደግሞ በክር ልክ እከፍታለሁ። በማግስቱ ሰውዬው ዘግቶት አገኛለሁ። እሱ ይዘጋል፣ እኔ እከፍታለሁ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንደሚባለው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ተናነቅን። ንዴቱ ሊገድለኝ ደረሰ። ለማን ልናገር? ፓፓ ጉድጓዱ ላይ ነው። ማማ ደግሞ እሁድ እሁድ ስልክ ቤት ሄዳ ለእናቷ ስታለቅስ ከመዋል በቀር ስለ ውሃው ደንታም የላትም።

አንድ ቀን ከአውቶቡስ ስወርድ መንገዴ ላይ ጠበቀኝ።

"አንቺ ትንሿ፣ ከቤታችሁ ሥር የሚገባ ቀበሮ አይተሻል?" አለኝ።

"አላየሁም፣ ሚስተር ኤይናር።"

"አለ። ጓንት የሚያደርግ ቀበሮ ነው።"

አየሁት። እሱም አየኝ።

"ያ ቀበሮ ቢተው ጥሩ ነበር" አለና ሄደ።

አብዷል ብዬ ሮጥኩ። አይ የዚያ አገር ሰው! ምናለ ጆሮዬን ይዞ "ልጄ፣ አትክፈቺው፣ መክፈትሽ ነው ውሃውን የሚያረጋው" ቢለኝ? እኛ ሉዊዚያናዎች የተቆጣነውንም የወደድነውንም ጮኸን ነው የምንናገረው። እነሱ ዘንድ ግን የሌላ ሰው ልጅ በግልጽ መገሠጽ ነውር ነው። በቀበሮ አዙሮ ነገረኝ፣ እኔ ደግሞ የቀበሮ ቋንቋ አላውቅም።

ጥር ላይ ማይኖት ከተማ ያለች እኅቱ ሞተች። ሊሄድ ሲል እቤታችን መጣ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ።

"እስከ ሐሙስ የለሁም" አለ ለማማ። "ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት ይሆናል ብለዋል። መዝጊያውን አደራ።"

"ገባኝ፣ አይጨነቁ" አለችው። "እግዚአብሔር ያጽናዎ።"

በሰው ኀዘን መደሰት ኃጢአት ነው፣ እኔ ግን ደስ አለኝ። ሰኞ ገና ሳይመሽ ወጣሁና እጀታውን እስከ ጥግ ሳብኩት። ገብቼ ቧንቧውን ከወትሮው አብዝቼ ለቀቅሁት። ማማ ድንች እየላጠች ነበር። ቀና ብላ የሚንጠባጠበውን ውሃ አየችው፣ እኔንም አየችኝ። የካፖርቴ ሆድ በሙሉ በረዶ ነበር። ወደ ድንቿ ተመለሰች። ተስማምተናል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። በዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከናቴ ጋር አንድ ወገን የሆንኩ መሰለኝ፣ በጣም ወደድኳት።

ረቡዕ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ አልጋው ላይ እግሯን ሰብስባ ተቀምጣለች። ከሻወሩ ወለል የተገፋ እጣቢ ቤቱን ሞልቶታል። ሩዝና የስብ ክምር ይንሳፈፍበታል፣ በሩ ሥር ያለው ረግቷል። ከወለሉ በታች ደግሞ አንድ ነገር ሲሰነጠቅ ሰማን። ታንከሩ ነበር። ፎጣ፣ ብርድ ልብስ፣ የኔን ሹራብ ሳይቀር ወለሉ ላይ ወረወርኩ። "ማማ ተነሺ፣ ማማ አግዢኝ" እላለሁ። "ተይው ኖኤሊ" አለችኝ። "እግርሽ ይረጥባል።"

ሐሙስ ፓፓ ገባ። በሩን ከፍቶ ቆመ፣ ጢሙ ላይ ያለው በረዶ እየተንጠባጠበ። ወለሉን አየ፣ ማማን አየ። ሦስተኛ ጊዜ መሆኑን መቁጠር አላስፈለገውም።

"ምን ሆነ?" አለ ቀስ ብሎ።

ማማ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኳት። "ሚስተር ኤይናር ነው። በየቀኑ እየመጣ መዝጊያውን ይዘጋዋል። ፓፓ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ስከፍት እሱ ይዘጋል።"

ፓፓ ጎማውንና ታንከሩን ጎንበስ ብሎ አላየም። ሁለት ሳምንት በዚያ ብርድ ብረት ሲያነሣ የሰነበተ ሰው ነው፣ የሚፈልገው የሚጮህበት ሰው ነበር። የሚስተር ኤይናር ፒካፕ ያኔውኑ ከማይኖት ደርሶ ሲቆም አየው። ሽማግሌው የቀብር ልብሱን እንደለበሰ ገና ከመኪናው እየወረደ ነበር።

"አንተ ነህ የቤቴን መዝጊያ የምትነካካው?" አለው ፓፓ።

ሚስተር ኤይናር ወደ ማማ አየ። ማማ በሩ ላይ ቆማ ክንዷን አጣምራለች። ከዚያ ወደኔ አየ። አባቴን እጁን ይዤው ነበር።

"አዎ" አለ። "ዘግቼዋለሁ።"

"ማን ፈቀደልህ? ልጅና ሚስት ያለኝ ሰው ነኝ፣ ሰምተሃል? ቤቴን አፈረስክብኝ።"

ፓፓ ደረቱን ገፋው። ሰውዬው በተወለወለ የቀብር ጫማው በረዶው ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ፣ የእጁ አንጓ ተሰበረ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያያል። እኔ አባቴ አንበሳ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ምላሴን ልነቅለው ይቃጣኛል።

ቅዳሜ ፓፓ ቃሉን አክብሮ አሳፈረን። ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠየቀን፣ ከዚያ ደብዳቤ ሆነ፣ ከዚያ የፍቺ ወረቀት ሆነ። እኔ አርባ አራት ዓመት ሙሉ የቆጨኝ አንድ ነገር ነው፤ ያን መዝጊያ በቀን ሁለቴ ሄጄ ብከፍተው ኖሮ እላለሁ። ፓፓ ከስድስት ዓመት በፊት ላፋዬት ሆስፒታል ሲሞት እንኳ "ያ ሽማግሌ ቤቴን በበረዶ ገደለው" ይል ነበር። እኔም እጁን ይዤ "አዎ ፓፓ" እለዋለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ክሎቪስ መነጽሩን አጣና የተጎታቹን መመሪያ አንብቢልኝ አለኝ። አነበብኩለት። በብርድ ጊዜ የእጣቢውን መዝጊያ ፈጽሞ ክፍት አትተዉ ይላል። ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ቀዝቃዛ ጎማ ውስጥ ሲወርድ ሽፋን በሽፋን እየረጋ ይደፍነዋል። ዘግታችሁ አጠራቅሙት፣ ታንከሩ በቤቱ ሙቀት ይቆያል፣ ሲሞላ ባንዴ ልቀቁት። የምታንጠባጥቡ ከሆነማ ይበልጡን ዝጉት። ክሎቪስ "ቀጥይ እንጂ" ይለኛል። ተነሥቼ መኪናዬን አስነሣሁና ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ።

እናቴ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ምድጃው ላይ ሩዝና ባቄላ ጥዳለች። መቀመጫ እንኳ ሳልይዝ ነገርኳት።

"የዘጋውን እየከፈትኩ ቤታችንን ያፈረስኩት እኔ ነኝ ማማ። ሰውዬው ሊያድነን ነበር። ይሄው ታትሞ አነበብኩት።"

ማንኪያዋን እያማሰለች "አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን ታውቂያለሽ?"

"በማጠቢያው መስኮት አይሽ ነበር። በየቀኑ። ያቺን ቀይ ካፖርትሽን ለብሰሽ በሆድሽ ስትሳቢ።"

"መዝጋት እንዳለበትስ?"

"ኤይናር ነግሮኛል፣ ሁለት ጊዜ። ልጅቷ ትከፍተዋለች፣ ብትነግሪያት አለኝ። እነግራታለሁ አልኩት።"

ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸታቸውን ነው፣ የኛ ቤት ዝምታ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል።

"ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?" አልኳት። ድምጼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነብኝ፣ በዚያም ተናደድኩ።

"መሄድ ፈልጌ ነበራ። ፀጉሬ ግድግዳ ላይ ሲጣበቅ አንቺ ሳቅሽ፣ አባትሽ የጎማውን ገመድ ጠበቅ አድርጊው አለኝ። እኔን የሚሰማኝ አልነበረም። ሦስተኛ ጊዜ ብሎ ቃል ገባ፤ ሦስተኛው በራሱ እግር እየመጣ ነበር። እኔ አልነካሁትም። ዝም ነው ያልኩት።"

"ሰውዬው ሲወድቅስ? በሩ ላይ ቆመሽ አይደል ያየሽው?"

"አንቺ እንዲያ አድርገሽ ስትመሰክሪ እኔ ምን ልጨምር?"

ለአንድ አፍታ እጄን እንዳላነሣ ፈራሁ፤ እናቴ ላይ፣ በዚህ ዕድሜዬ። እጆቼን ጭኔ ሥር አስገባኋቸው።

"ተሰናብተን ስንወጣ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት" አለች። "እጁ በጄሶ ታስሯል። ልጅቷ እንዳታውቅ ብቻ አለኝ።"

"ፓፓ ሊሞት ሲልስ? እግሩ ሥር ቆመሽ ያን ሰው ሲረግም አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ያኔ እንኳ?"

እሳቱን ቀነሰችና ወደኔ ዞረች። "ምን ልበለው ኖኤሊ? ወይ አንቺን ልሰጠው ነው፣ ወይ ራሴን። ኤይናርን ሰጠሁት።"

ከዚያ ሳህን አወጣች፣ ሩዙን ጨለፈች፣ ባቄላውን በላዩ አፈሰሰች፣ ፊቴ አስቀመጠችው። "ብይ" አለችኝ። እናቴ ናትና ተነሥቼ አልሄድኩም። ግን አልበላሁም። ሁለታችንም ሳህኑን እያየን ተቀመጥን።